ያለ እርሳስ ስድስት ቀን

ቀን 1፣ ሐሙስ። ከለቡ ወደ ድሬዳዋ

ቦርሳዬ ውስጥ እርሳስም ብሩሽም የለም። ሆነ ብዬ ነው የተውኳቸው። ያለው ስስ ወረቀት፣ ከሰል፣ መቀስ፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ የፕላስቲክ ሳፋና በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በሥራ ግምገማ ላይ ነው። የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመት። ስምንት ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። መምህሬ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ጥሩ ነው። ግን ይሄ የማን ነው?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ተናድጄ ነበር። በአራተኛው ቀን ሥዕሎቹን ደግሜ ሳያቸው መምህሬ እውነታቸውን ነው። ቀዩ የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። «ጎልጎታ»ን ካየሁ ጀምሮ ቀይ ቀለም በነካሁ ቁጥር እጄ ወደዚያው ይሄዳል። ተንሳፋፊዎቹ ዓይኖች ደግሞ የእስክንድር ቦጎስያን ናቸው። እስክንድር ጠልሰሙን ከአገሩ፣ ሌላውን ፓሪስ ሥራቸውን ካየላቸው ሠዓሊዎች፣ ከእነ ፓውል ክሌና ዊፍሬዶ ላም ወስዶ፣ አብሰልስሎ ነው የራሱ ያደረገው። እኔ ከእስክንድር ብቻ ወሰድኩ። እሱ ሩቅ ሄዶ ነው የተበደረው፤ እኔ አጥር ዘልዬ።

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ስድስት ቀን በእጄ አንድም መስመር አላሰምርም። ምስሉ የሚመጣው ወረቀቱ አንድ ነገር ሲነካ፣ ወይም ፀሐይ ሲያገኘው ብቻ ነው። እጄ ካልሠራ የሰው እጅ መኮረጅ አይችልም ብዬ ነው። መድረሻዬ ሐረር ናት። ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደባት ከተማ። ዕዳ ካለብኝ አበዳሪዬ ሰፈር ልሂድ አልኩ።

ጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ያለው ሳያኖታይፕ የሚባለው ወረቀት ነው። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ የተባሉ ሁለት የኬሚካል ውህዶች በውሃ ይሟሙና ይቀላቀላሉ። ወረቀት ይቀባሉ፤ ጨለማ ውስጥ ይደርቃሉ። ያኔ ወረቀቱ ቢጫማ አረንጓዴ ነው። ፀሐይ ያገኘው ቦታ ውሃ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ጥላ የነበረበት ታጥቦ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1842 ጆን ኸርሼል የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ያገኘው ዘዴ ነው። በዓመቱ አና አትኪንስ የባሕር አረሞችን በዚሁ መንገድ አትማ መጽሐፍ ማውጣት ጀመረች። ካሜራ የለም፣ ሌንስ የለም። አረሙን ወረቀቱ ላይ፣ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ።

ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ናቸው። ጥቅሉን አይተው፣

«ምንድን ነው ልጄ እንዲህ የጠቀለልሽው?» አሉኝ።

«ወረቀት ነው እማማ። ፀሐይ ካየው ይበላሻል።»

«ታዲያ ድሬዳዋ ምን ልታደርጊው ትወስጂዋለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። መተሐራ ላይ፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር ያንን የጠቆረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመስኮት ሳይ ልጁ ከላስቲኩ ጋር ሲታገል አላየሁትም። ዘወር ስል ጥጉን ቀዶታል። በቅዳዱ ፀሐይ ገብቶ ከላይ ያለችው ወረቀት ጥግ ላይ ግራጫ ሦስት ማዕዘን ተቀምጧል። ፊቴ ሳይጠቁር አልቀረም፤ እማማ ልጁን ቆንጠጥ አደረጉት። ቀዳዳውን በፕላስተር አሸግኩና እስከ ድሬ ጥቅሉን አቅፌ ተቀመጥኩ።

ቀን 2፣ ዓርብ። ድሬዳዋ፣ ዋሻው

ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ገደሉ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል፣ ግድግዳው ላይ የጥንት ሥዕል ያለበት ዋሻ አለ። ስሙ የፈረንሳይኛ ነው፤ ጃርት ማለት። ፈቃድ አውጥቼ ከአስጎብኚ ጋር ገና ሳይሞቅ ወጣን። «ገና ሳይሞቅ» የሚባል ነገር ድሬ ላይ ካለ ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ሥዕሎቹ መጀመሪያ ላይ ምንም አላሉኝም። ጢስና ዘመን አደብዝዟቸዋል። አስጎብኚው በጣቱ እያመለከተ «ይኸውልሽ እዚህ ጋ» ይላል፤ እኔ «አዎ አዎ» እላለሁ፤ ግማሹን አላየሁትም። መንካት ክልክል ነው፤ ፍላሽም የለም። ስስ ወረቀትና ከሰል ይዤ መጥቼ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሕጉ ልክ ነው፤ የኔ ከሰል እዚያ ግድግዳ ላይ ምን ሥራ አለው?

የገረመኝ ሥዕሉ ሳይሆን መሬቱ ነው። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1933 መቆፈር ከጀመረ ወዲህ ከውስጡ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር፣ ማለትም ኦከር ወጥቷል። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት 4,213 ቁራጭ ነው። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ። ሰዎቹ እዚያው ዋሻ ውስጥ ቢያንስ ለ4,500 ዓመት ኦከር ሲፈጩ ኖረዋል። ይሄን ቁጥር ቀለል አድርጌ ላልፈው አልቻልኩም። እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቀይ ብቀባ መምህሬ «የማን ነው?» ይሉኛል። እነዚያ 4,500 ዓመት ቀይ ሲፈጩ፣ ልጅ ከአባቱ ወይ ከእናቱ እያየ፣ ማን ማንን ጠየቀ?

ከወፍጮ ድንጋዮቹ መካከል ደግሞ አንድ ክብ ጠጠር ተገኝቷል። ግማሽ ጎኑ ብቻ በኦከር ተነክሯል። አጥኚዎቹ ማኅተም ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ቀለም ነክረው ቆዳ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ላይ የሚያሳርፉት።

እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብኝ። እኔ ይሄን ጉዞ ሳቅድ «በመንካት ብቻ» የሚለውን ሐሳብ የወሰድኩት ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከማክስ ኤርንስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ ሆቴል ውስጥ የጣውላ ወለል ላይ ወረቀት አንጥፎ በእርሳስ ፈተገው፤ የእንጨቱ ደም ሥር ወጣለት። ዘዴውን ፍሮታጅ ብሎ ሰየመው። እኔም ከፈረንጅ የተዋስኩት አዲስ ነገር ብዬ ኮርቼበት ነበር። ለካ የከተማው ዳርቻ ላይ፣ በባጃጅ በሚደረስበት፣ ሰው ጠጠር ነክሮ ሳያትም አልቀረም።

«አቦ ምን ሆንሽ? ፀሐይ መታሽ እንዴ?» አለኝ አስጎብኚው።

ስንወርድ፣ ከዋሻው በጣም ርቀን፣ አንድ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ወረቀት ላይ አስቀምጬ መስታወት ጫንኩበት። ስምንት ደቂቃ። ማታ ሆቴል ገብቼ ሳፋ ውስጥ ሳጥበው እሾሁ አንድ በአንድ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ዙሪያው ድፍን ሰማያዊ። ሌሊት ገመድ ላይ ሰቅዬው ተኛሁ።

ቀን 3፣ ቅዳሜ። ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር

ጠዋት ሰማያዊው ሳስቷል። ትናንት ማታ የነበረው ጥልቀት የለም። የሆቴሉን ማንቆርቆሪያ ከፍቼ ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሠርቷል። ውሃው ኖራ የበዛበት ነው፤ ይሄ ሰማያዊ ደግሞ ኖራ ጠላቱ ነው። ሎሚ ጠብ ማድረግ ነበረብኝ።

ቀኑን የድሮው ምድር ባቡር ግቢ ዋልኩ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ግቢው ውስጥ የቆሙ ፉርጎዎች፣ ጎማቸው ከሀዲዱ ጋር በዝገት የተጋባ፣ ትልልቅ የብረት መቁረጫና ማሽከርከሪያዎች አሉ። ፉርጎ ላይ የተለጠፈ የቁጥር ሰሌዳ፣ ሪቬት፣ የተበሳ ላሜራ፣ ሁሉንም ፈተግኩ። ሃያ ሁለት ወረቀት።

ማታ ዘርግቼ ሳያቸው አብዛኞቹ ያሳፍራሉ። ፊደልና ቁጥር ያለባቸው በተለይ። ያምራሉ፤ ችግሩም ይሄው ነው። የቱሪስት ማስታወሻ ይመስላሉ። ብረቱ ሥራውን ጨርሷል፣ እኔ የጨመርኩት የለም። አስራ ዘጠኙን ጣልኩ። ከቀሩት አንዱ ከሰሉ ሳይሆን የማሽኑ ግራሶ ወረቀቱን ጠጥቶት የሠራው ቅርጽ ነው። እሱን ወድጄዋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ የተጠቀምኩት ከአንድ ጡረተኛ ሠራተኛ ጋር ተቀምጬ ነው። «አንቱ» ስላቸው ተቆጡኝ። «ድሬ ነሽ እኮ! አንቱ እዚህ የለም፣ አንተ በይኝ» አሉ። እሺ ብዬ ሞከርኩ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ሳቁብኝ። ሥራውን የተማሩት በፈረንሳይኛ ነው። የምንቆምበትን አዳራሽ «አቴሊዬ» ይሉታል። ፈረንሳይኛ የሠዓሊውንም የብረት ሠራተኛውንም ክፍል በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ደስ አለኝ።

ሰማያዊውን ወረቀት ሳሳያቸው አገላብጠው አዩት።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ። የማሽን ንድፍ እንዲህ ነበር። ሰማያዊ ላይ ነጭ መስመር።»

እኔ እኮ አላሰብኩትም። ብሉ ፕሪንት የሚባለው የመሐንዲስ ንድፍ የሚባዛው በዚሁ በኸርሼል ዘዴ ነበር። እኔ «የሙከራ ሥራ» የምለው ለዘመናት የቢሮ ኮፒ ማድረጊያ ሆኖ ኖሯል። ጡረተኛው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው የእሾሁን ጥላ አዩና፣ «ይሄ የምን ማሽን ነው?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም።

ቀን 4፣ እሑድ። ሐረር

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ ሙቀቱ እንደ ጋቢ ከላይህ ላይ ይወልቃል።

ጀጎል ውስጥ መጀመሪያ የሄድኩት መኪና ግርግር ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን የሚያንጫጩበት ጠባብ መንገድ ነው። ስሙም ከድምፁ የመጣ ነው ይላሉ። ቀለሙ! ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ግድግዳው ራሱ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴው በተላጠበት ሮዝ አለ፤ ሮዙ በተላጠበት ሰማያዊ፤ ከሥሩ ነጭ። በየበዓሉ የተቀባ ኖራ በኖራ ላይ ተደርቦ ነው። ፓሪስ ውስጥ እነ ዣክ ቪልግሌ ከመንገድ ላይ የተቀደደ ፖስተር ገንጥለው ሸራ ላይ እየለጠፉ አሳይተዋል። ትምህርት ቤት በስላይድ አይተነዋል። ሐረር ውስጥ ግድግዳው ማንንም ሳይጠብቅ ይሠራዋል። እኔ ግን አልልጥም። የሰው ቤት ነው።

ስለ ገብረ ክርስቶስ ማሰብ ያቃተኝ እዚህ ነው። ማለቴ፣ በመጽሐፍ እንደማውቀው ማሰብ። አባቱ የብራና መጻሕፍት በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። እሱ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ተማረ። ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ሥራውን ሲያሳይ፣ አብስትራክት የኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ነው ያሉት ነበሩ። እንግዲህ የኔው ጥያቄ ነው። «ይሄ የማን ነው?» እሱም ተጠይቋል። እዚህ መንገድ ላይ ቆሜ ሳየው ግን አንድ ልጅ ብራና ላይ ጎንበስ ካለ አባት አጠገብ ሲያድግ፣ በር ከፍቶ ሲወጣ ይሄን ግድግዳ ሲያይ ይታየኛል። የትኛው ነው ከኮሎኝ የመጣው? ያልኩት ማስረጃ አይሆንም፤ የልጅነት ዓይኑን ማን አየው። ግን ጥያቄው እንደ ትናንቱ አይቆረቁረኝም።

አንዲት እናት ቤታቸውን አሳዩኝ። የሐረሪ ቤት ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥባቸው ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። ቀይ ናቸው። ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ጦርነት ላይ ያለቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሳቸውም ያንኑ ነገሩኝ። ከላይ ግድግዳው ሙሉ በስፌት ተሸፍኗል። እንዴት አድርገው እንደሰቀሉት ብቻ ሰዓት ሙሉ ማየት ይቻላል፤ ትልቁ ከትንሹ፣ ክብ ከክብ፣ አንድም ቦታ አልሳተም። ይሄ ሰው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልገባም ማለት ምን ማለት ነው?

የውጭውን ግድግዳ በእርጥብ ወረቀት መንካት እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«አቦ፣ ግድግዳዬን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

«ዱቄቱን ብቻ።»

«ለበዓል ልናስቀባው ነው፣ ያሻሽን ውሰጂ።»

የዓርቡን የግራር ወረቀት፣ ያንን የሳሳውን ሰማያዊ፣ በውሃ አርሼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። በመዳፌ ጫን ጫን አደረግኩ። ሲነሣ የኖራው ዱቄት ቦታ ቦታ ይዞ መጣ።

ጅቦቹን አላየሁም። ሁሉም «አየሽ?» ይለኛል። አላየሁም።

ቀን 5፣ ሰኞ። ሐረር፣ መጥፎው ውሃ

ጠዋት ወረቀቱን ሳየው ደነገጥኩ። ኖራው ሌሊቱን ሰማያዊውን በልቶታል። ዱቄቱ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እሾሁ ግማሹ የለም።

ተናድጄ ወጣሁና በፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ራምቦ ቤት ገባሁ። ከእንጨት የተሠራ ያማረ ቤት ነው፤ የሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው፣ ከራምቦ ጊዜ በኋላ። ባለ ቅኔው ግን ሐረር ውስጥ ነግዶ መኖሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጥቶ እዚህ ራሱን ፎቶ አንሥቷል። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ላይ ታዲያ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ፎቶዎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ነው ይላል።

ብቻዬን ሳቅሁ። ጥበቃው ዘወር ብሎ አየኝ። ከ140 ዓመት በፊት አንድ ፈረንሳዊ እዚሁ ከተማ ሳፋ ላይ አጎንብሶ፣ እንደኔው ምስሉ ከእጁ ሲጠፋ፣ እንደኔው ውሃውን ሲራገም። ተጽዕኖ እንበለው? እኔና ራምቦን የሚያገናኘን አንድ ውሃ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሙከራ ነገር ነው። ሳያኖታይፕን ሆን ብለው የሚያነጡ ሰዎች አሉ። አንጥተው ታኒን ያለበት ነገር ውስጥ፣ ሻይ ወይ ቡና ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ የነጣው ቦታ ወደ ቡናማና ጥቁር ይዞራል። እኔ ያነጣሁት በስህተት ነው፤ ቡና ግን ሐረር ውስጥ አይጠፋም። ያረፍኩበት ቤት ከቁርስ የተረፈውን ጀበና ለምኜ፣ በሳፋ አቅጥኜ፣ ወረቀቱን ከተትኩት። ሁለት ሰዓት። አከራዬ በበሩ አልፈው «ቡናው አልጣፈጠሽም?» አሉኝ።

ሲወጣ ሌላ ነገር ነው። ሰማያዊው የቀረበት ቦታ ወደ ጥቁር ጠልቋል፤ ኖራው የነካው ሞቅ ያለ ቡናማ ሆኗል፤ ወረቀቱ ራሱ የድሮ ብራና መስሏል። የእሾሁ ጥላ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲሻገር መሀል ላይ ይጠፋና እንደገና ይመጣል። እኔ አላሰብኩትም። አንድም መስመር አላሰመርኩም። ዘለልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ክፍል ውስጥ ዘለልኩ።

ከዚያ ጠርዙ ስለተበላሸ መቀስ አነሣሁ። ከላይ ትንሽ፣ ከቀኝ ብዙ፣ ከታች አልነካሁትም። ግድግዳ ላይ አቆምኩና ወደ ኋላ ሄድኩ።

ጥቁሩ ወደ ላይ ግራ ጥግ ተሰብስቧል። ታች ባዶ ቦታ አለ። አንድ ቀጭን ነገር ሰያፍ ወርዶ ባዶውን ይቆርጠዋል። ስልኬን አውጥቼ የግምገማውን ቀን ፎቶ ከፈትኩ። ሦስተኛው ሥዕል፣ ቀዩ፣ ልክ እንደዚህ ነው። ጥቁር ላይ ግራ፣ ባዶ ታች፣ ሰያፍ። እጄን አምስት ቀን አስሬ መቀሴን ረስቼው ነበር። መቀሱም ተምሯል።

አልጋው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። የሚገርመው አላዘንኩም። የተቆረጠውን ቅሬታ ከመሬት አንሥቼ ጎኑ ላይ መልሼ ገጠምኩት፤ ያው አልሆነም፤ እንደገና አነሣሁት፤ እንደገና ገጠምኩት። በስተመጨረሻ የቆረጥኩትን ነው የመረጥኩት። የማን እንደሆነ አውቄ።

ቀን 6፣ ማክሰኞ። ወደ አዲስ አበባ

የደንገጎ ቁልቁለት፣ ሙቀት፣ ባቡር። አጠገቤ ማንም የለም።

አዋሽን ካለፍን በኋላ ጥቅሉን ፈታሁ። ከሥር፣ የሐሙሷ ወረቀት አለች፤ ልጁ ላስቲኩን የቀደደባት። ሳልጠቀምባት ቀርቻለሁ፤ ተበላሽታለች ብዬ። ትናንት ማታ ግን ቡናውን ከደፋሁ በኋላ፣ ሳፋውን ሳለቀልቅ፣ እንዲሁ ሎሚ ጠብ ባደረግኩበት ውሃ አጥቤያት ነበር። ደርቃለች። ሙሉው ወረቀት ነጭ ነው። ጥጉ ላይ አንድ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን አለ፤ አንዱ ጎኑ ጥርት ያለ፣ ሁለተኛው የተበጣጠሰ፣ ልጁ የጎተተበት።

መቀሱ ከቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም። ወረቀቷን ከሁሉም በላይ አድርጌ ጠቀለልኩት፤ ሰኞ መምህሬ ፊት መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት።